የአንድ ሽልንግ ሥዕል

ዊልያም ሆጋርት እ.ኤ.አ. በ1751 ለንደን ላይ ባወጣው «የጂን ጎዳና» በተሰኘው የኅትመት ሥዕል፣ ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው ሰክራ ደረጃ ላይ በተቀመጠችው እናትና ከእቅፏ አምልጦ ቁልቁል በሚወድቀው ሕፃን ላይ ነው። በስተጀርባዋ ቤት ይፈርሳል፤ ሬሳ ይገነዛል፤ የሚያተርፉት አረቄ አውጪው፣ መያዣ ተቀባዩ አበዳሪና ሣጥን ሠሪው ናቸው።

መዳቡ በብረት ስለት ይቦረቦራል፣ ወይም በአሲድ ይበላል። ቀለሙ ጭረቱን ከሞላ በኋላ ገጹ ተጠርጎ እርጥብ ወረቀት በመጭመቂያ ይጫንበታል። ምስሉ ተገልብጦ ስለሚወጣ ቀራጩ ግራውን ቀኝ አድርጎ ለማሰብ ይገደዳል።

በ1735 የቀራጮችን መብት ለ14 ዓመት የሚያስከብር ሕግ እንዲወጣ ግንባር ቀደም ሆኖ የታገለው ሆጋርት ነበር። ትግሉ ሊመሰገን ይገባል፤ ሠዓሊውን ከባላባት ደጅ ጥናት አላቆ በገበያ አቁሞታልና። ገበያውስ የማን ነበር? የ«ጂን ጎዳና» አንድ ቅጂ አንድ ሽልንግ ያወጣ ነበር፤ ለቀን ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የምነቅፈው ግን አስተሳሰቡን ነው። ተጓዳኙ «የቢራ ጎዳና» ጠጪዎቹን ወፍራምና ደስተኛ አድርጎ ያሳያል፤ እንግዲህ ጥፋቱ የመጠጡ ዓይነት ብቻ ሆነ ማለት ነው! በ«ጂን ጎዳና» ረኀብ አልተዘነጋም፤ ሰው ከውሻ ጋር አጥንት ይግጣል። ነገር ግን ረኀቡ የስካር ፍሬ እንጂ ምንጩ ሆኖ አልተሣለም። ሴቲቱን ወደዚያ ደረጃ ያደረሳት ኑሮ አንድ ጭረት እንኳ አላገኘም።

ሆኖም የዋጋው ነገር ሳይከነክነው አልቀረም። በዚያው ዓመት «አራቱ የጭካኔ ደረጃዎች» የተባሉትን ሥራዎቹን ለድኻው በርካሽ ለማዳረስ በእንጨት ማስቀረጽ ጀመረ። ወጪው ከታሰበው በላይ ሆነና ሁለቱ ብቻ ተቀረጹ።