ከመርፌው ጫፍ የሚወጣው ናፍጣ

ጣርማበር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ የሚያቀና የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ ሲተፋ ብዙ ሰው በጭነቱ ወይም በናፍጣው ያሳብባል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል ነው። ሞተር ውስጥ ካለው ብረት ሁሉ እንደ እሱ ተጠንቅቀው የሠሩት፣ እንደ እሱም ምስጋና የተነፈገው ያለ አይመስለኝም።

ኖዝል ሲፈታ ቀፎና መርፌ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ይደርሳል። ናፍጣ እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎማ የለም፣ የሚይዘው የብረቱ ልስላሴ ነው። መካኒኩ መርፌውን በንጹሕ ናፍጣ ያርስና ቀፎውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ መርፌውን ሲሶ ያህል ወደ ላይ ስቦ ይለቀዋል። ጤነኛ ከሆነ በራሱ ክብደት፣ ሳይጣደፍ፣ ዝግ ብሎ ይወርዳል። ዘጭ ካለ ተበልቷል፤ መሃል ላይ ከቆመ ቆሽሿል ወይም ተጣሟል።

ቀጥሎ ኖዝሉ በእጅ እየተጫኑ ግፊቱን በሚለኩበት መፈተኛ ላይ ይታሰራል። በቆዩት ሞተሮች መርፌው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከ180 እስከ 250 ባር ባለው ግፊት ነው። የበግ ፀጉር ፈትላ ለባና የምታዘጋጅ የመንዝ ሴት የክሩን ቅጥነት በጣቷ እንደምታውቀው፣ ልምድ ያለው መካኒክም እጀታውን ሲጫን የመርፌውን መነሣት በመዳፉ ያውቀዋል። በኖዝሉ ጫፍ ካሉት ቀዳዳዎች ሁሉ እኩል ብናኝ መውጣት አለበት፤ አንዱ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ፈሳሽ ከረጨ ያ ኖዝል አልዳነም። (እጅ ወደ ርጭቱ አይጠጋም፤ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል።) ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው አዘጋጉን ነው። ግፊቱ ሲወርድ መርፌው ጥርቅም ይልና ጫፉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ጠብታ ካንጠለጠለ ያቺ ጠብታ በደንብ ሳትቃጠል ጥቀርሻ ትሆናለች።

ናፍጣውን እንዲህ ማድቀቅ ለምን ይጠቅማል? 1 ሚሊሜትር ስፋት ያላት አንዲት ጠብታ 20 ማይክሮን ስፋት ወዳላቸው ብናኞች ብትሰባበር 125,000 ትሆናለች፤ አየር የሚነካው ገላዋም 50 እጥፍ ይሰፋል። ናፍጣ ደግሞ የሚነደው ተንኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1800 ጊዜ ሲዞር አንዱ ርጭት ተጀምሮ የሚያልቀው በአንድ ሴኮንድ 500ኛ ክፍል ገደማ ውስጥ ነው።

መንዝ ደጋ ነውና ይህ ሁሉ እዚያ ይከብዳል። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ርጭቱን የሚገታው ይቀንሳል፤ ናፍጣው ሩቅ ሄዶ ከፒስተኑ ጋር ይላተማል፣ እሳት ለመያዝም ይዘገያል። በውርጭ ጠዋት ሞተር ሲነሣ የሚታየው ነጭ ጭስም በአብዛኛው ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ወደ መርሐቤቴ የሚሄደው መኪና ጀማ ሸለቆ ሲወርድ አየሩ ይወፍርና ጉድለቱ ይሸፈንለታል፤ ያው ኖዝል ወደ ግሼ፣ ወደ ራቤል ቢወጣ ይጋለጣል።

የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊው ሩዶልፍ ዲዝል ናፍጣውን ይረጭ የነበረው በታመቀ አየር ነበር፤ መጭመቂያው ግዙፍ ስለነበር ለመኪና አይመችም። ቦሽ በ1927 እ.ኤ.አ. ናፍጣውን ራሱን በግፊት የሚገፋ ፖምፓ በብዛት ማምረት ከጀመረ ወዲህ የናፍጣ ሞተር በጭነት መኪና ላይ ተስፋፋ። ዛሬ በአዳዲስ ሞተሮች ላይ ያለው፣ ኮመን ሬል የተባለው የናፍጣ መርጫ ሥርዓት ግፊት ከ2000 ባር አልፏል።

የአራት ሲሊንደር ሞተር አራት ኖዝሎች ሲታጠቡ አንድ ሳህን ውስጥ መደባለቅ የለባቸውም። እያንዳንዱ መርፌ ከራሱ ቀፎ ጋር ተፈትጎ የተዋደደ ስለሆነ ከሌላው ቀፎ ጋር አይገጥምም። ለዚህ ነው የሚጠነቀቅ መካኒክ ሥራውን ሳይጀምር አራት ዕቃ የሚደረድረው።