በመካከል የቆመው ሕፃን፤ ስለ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ትርጓሜ የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

ሐዋርያት በመንግሥተ ሰማያት የሚበልጠው ማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን አንድ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው እንዳቆመ ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 18 ጽፏል። ይህን ንባብ ስንተረጕም ሕፃን ማለት ትሑት፣ ቂም የማይዝ፣ ሹመት የማይሻ ሰው ነው እንላለን። ፍችውም ከአባቶች የተገኘ ነው፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ድርሳኑ ሕፃናት የተባሉትን በልባቸው የዋሃን፣ በሰው ዓይን የተናቁ ሰዎች ብሎ ይተረጕማቸዋል። እርሱን የሚነቅፍ ቃል ከብዕራችን አይወጣም። የምንነቅፈው ይህን ፍች ይዞ በመካከል የቆመውን ልጅ ከመካከል የሚያስወጣውን ነው።

ምነው ቢሉ፣ አንድም የሚለው ቃል የፊተኛውን ፍች ያጸናል እንጂ አያፈርስም። መምህር ለአንድ ኃይለ ቃል ሁለትና ሦስት ፍች የሰጠ እንደ ሆነ ደቀ መዝሙሩ ሁሉንም ይይዛል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን ቢጥል ትርጓሜ ጐደለበት ይባላል። ዳግመኛም ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 9 ጌታ ያንን ሕፃን እንዳቀፈው ይናገራል። ምሳሌ አይታቀፍም፤ የሚታቀፈው ሥጋና አጥንት ያለው፣ የሚርበውና የሚበርደው ልጅ ነው። ሕፃንን ስለ መቀበል የተነገረውም እንዲሁ ነው። በአገራችን እንግዳ ተቀበለ ሲባል ቤት አገባ፣ እግር አጠበ፣ አበላ፣ አሳደረ ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም።

ነገሩ የጉባኤ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለም ባልጨረስንበት ነበር። ነገር ግን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የትርጓሜው ጕድለት ከሙት ልጅ ጎተራ ይታያል። አባት በሞተ በ40 ቀን ጎተራው ይከፈታል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ በግ ይታረዳል፤ አገር ተጠርቶ ይበላል። በጉን ሲያግድ የኖረው ልጅም ያን ዕለት ከሥጋው ይቀምሳል። ድግሱ ካለፈ በኋላ ግን በቤቱ ዘር የለምና ለዘመድ እረኛ ሆኖ ይገባል፤ እኅቱም ለአካለ መጠን ሳትደርስ ለባል ትሰጣለች። የወንድሙን ልጅ ከአብራኩ እንደ ተከፈለው አድርጎ የሚያሳድግ ዘመድ ብዙ ነው፤ ዋጋውን እግዚአብሔር ይክፈለው። ነገር ግን ደጉ ዘመድም ቢሆን ልጁን የሚቀበለው ባዶ እጁን ነው።

ተዝካር ይቅር የሚል ሰው ቢኖር ከእኛ አይደለም። ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴው፣ በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን ማሰቡ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ዕጣንና ጧፍ፣ ለመሥዋዕቱም ስንዴና ዘቢብ ነው። ድግሱ ሌላ ነው። የሐዋርያት ቀኖና ለሟቹ መታሰቢያ ከገንዘቡ ለድኆች እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ለመታሰቢያ የተጠሩትንም በመጠን እንዲበሉ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ከሟቹ ልጅ የሚቀድም ድኃ ማን ነው? ባለጠጋ ከተረፈው ቢደግስ የሚከለክለው የለም፤ ሁለት ጥማድ የሚያርስ ሰው ግን የልጆቹን ዓመት በአንድ ቀን ያስበላል።

በማርቆስ ምዕራፍ 12 ጌታ ጸሎት እያስረዘሙ የባልቴቶችን ቤት የሚበሉትን እንደ ገሠጸ ተጽፏል። ይህን ስናነብ ለጸሐፍት ተነገረ ብለን እናልፈዋለን። ጸሎት የማያደርስ ሰው በዚያ ቃል አይነካም፤ ጸሎት የሚያደርስ ግን ይነካል። ይህ ትርጓሜ ለካህን ጆሮ አይጥምም፤ ነገር ግን ከንባቡ አልወጣም። እኛ ካህናትም ብዙዎቻችን በተማሪ ቤት ሳለን ደበሎ ለብሰን፣ አኵፋዳ ይዘን፣ ቁራሽ ለምነን ያደግን ነን። የማናውቃት ሴት ከልጆቿ መሶብ ቈርሳ ባትሰጠን ኖሮ ዳዊት ባልደገምን ነበር።

ስለ አሳዳጊም የተጻፈ ሥርዓት አልጠፋም። ዲድስቅልያ ልጅ የሌለው ክርስቲያን የሙቱን ልጅ እንደ ልጁ አድርጎ እንዲወስድ፣ ኤጲስ ቆጶሱም ስለ ምግባቸውና የእጅ ሥራ ስለ መማራቸው እንዲያስብ ያዝዛል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሞግዚት ይናገራል። ለባለ ስም ልጅ ይህ ሁሉ ሳይነገርም ይፈጸማል። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ምኒልክ የ11 ዓመት ብላቴና ነበሩ። ከመንዝ የተነሣው የነጋሢ ክርስቶስ ቤት ወራሽ ናቸውና የሸዋ መኳንንት ስለ እርሳቸው ተዋጉ፤ ማርከው የወሰዷቸው አፄ ቴዎድሮስም በመቅደላ በክብር አሳደጓቸው። የእረኛውን ልጅ ግን ማን ይጠይቀዋል?

አገራችን ደጋ ነው፣ ገብሱ ውርጭ ይመታዋል፣ ድኆች ነንና የሰው ልጅ መጠበቅ አይቻለንም የሚል አለ። የመንዝ ሰው ግን የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ወገን አለቃ መርጦ፣ የማይታጨድበትን ዘመን ወስኖ፣ ሥርዓቱን ያፈረሰውን እየቀጣ ለብዙ ትውልድ አቆየው፤ ቀሮ የቀረው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ ጓሳም እስከ ዛሬ በሕዝቡ ይጠበቃል። ለሣር አለቃ የሾመ አገር ለሙት ልጅ ገብስ ጠባቂ ማቆም አይሳነውም።

አንድ ሰው ብቻውን ምን ያደርጋል ለሚለውም የወይዘሮ አበበች ጎበና ሥራ መልስ ነው። ከሸዋ የተወለዱ ናቸው፤ አባታቸው በጣልያን ጦርነት ሲሞቱ ገና ጨቅላ ነበሩና አያቶቻቸው አሳደጓቸው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1980 ለበረከት ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። ግሸን ያልሁት በወሎ ያለችውን ደብረ ከርቤን ነው፤ የእኛን ግሼ አይደለም። በዚያም ረኃብ ገብቶ ነበርና ከሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አገኙ። በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጸበል ለተራቡት ሰጥተው፣ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባላቸው ስላልወደዱት ከሞቀ ቤታቸው ወጡ፤ ልጆቹን ግን አልተዉም። በስማቸው የቆመው ድርጅት እልፍ ሕፃናትን ረዳ፤ እርሳቸውም ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ከጉባኤ ቤት አልዋሉም፤ የማቴዎስን ምዕራፍ 18 የፊተኛ ፍች ግን ከብዙዎቻችን ይልቅ አውቀውታል። የበረከት ጸበል ለተጠማ ሕፃን ቢሰጥ በረከቱ ይጐድላል የሚል ሊቅ ካለ ይምጣና ያስረዳን።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሥቶ ብዙ ቤት ያለ አባት ቀርቷል። ስለዚህ የነፍስ አባት የልጆቹን ስም ያውቃልና፣ 40 ቀን ሳይደርስ ከአገር ሽማግሎች ጋራ በሟቹ ቤት ይቀመጥ። የዘሩ ገብስ፣ የእርሻው በሬ፣ እናት በጎች፣ የመሬቱም ደብተር በልጆቹ ስም አስቀድሞ ይለይ፤ እስኪያድጉም የሚጠብቅላቸው ሰው በምስክር ፊት ይሰየም። ድግስ የሚደገሰው ከዚያ በኋላ በተረፈው ነው። ያልተረፈ እንደ ሆነ ቅዳሴው ይቀደሳል፤ ዳቦ ተቈርሶ ለድኃ ይሰጣል፤ ካህናቱም እየቤታችን ገብተን ራታችንን እንበላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።