ለንስሐ አባት ምስጋና

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ኃጢአቱን ብቻውን ተሸክሞ እንዲኖር አይተውም፤ የንስሐ አባት አለው። ካህኑ ቤቱን ያውቃሉ፤ ጠበል ይረጫሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ኑዛዜ የሚሰሙት እንዲህ ከሚያውቁት የንስሐ ልጃቸው ነው፤ የሰሙትንም ለማንም አይገልጡም።

ከሁሉ የማደንቀው ከኑዛዜ በኋላ የሚሰጠውን ቀኖና ነው። ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ስግደቱ፣ ምጽዋቱ እንደ ሰውየው አቅም ተመዝኖ ይሰጣል። ለሕመምተኛ ስግደቱ ይቀልላል፤ ባለጠጋው እጁን ለድሀ እንዲዘረጋ ይታዘዛል፤ የሰው ገንዘብ የወሰደም ይመልሳል። ጸጸት በዚህ መንገድ ሥራ ይሆናል። ከዚያ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላሉ፤ መንገዱም ወደ ቅዱስ ቁርባን ያመራል። በደልን በስሙ የሚጠራ፣ በደለኛውን ግን «ልጄ» ብሎ የሚቀበል ሥርዓት ስላለን እግዚአብሔር ይመስገን።