አማካዩ ሰው እና ነዋሪው ሰው፦ ኖርማል ሥርጭት በጥናቶቻችን ውስጥ

ትምህርትን፣ ዘካንና የመስጂድ አገልግሎትን በሚመረምሩ ጽሑፎች ውስጥ፣ ከሠንጠረዦቹ ቀድማ ብዙም ሳይታሰብባት የምታልፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ መረጃው ኖርማል ሥርጭትን እንደሚከተል ተወስዷል የምትል። ጸሐፊው አያብራራትም፤ አራሚው አይጠይቅባትም፤ አንባቢውም የሒሳብ ጉዳይ ናት ብሎ ይዘላታል። ከእርሷ በኋላ የሚመጣው አማካይ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካዩ ያለው የተለመደ ርቀት) እና ድምዳሜ ግን የቆመው በእርሷ ላይ ነው። የሐዲስን ሰነድ ሰው በሰው እየመረመሩ የተቀበሉ ሊቃውንት ወራሾች ነን የምንል ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ያለ ሰነድ መቀበላችን ሊያሳስበን ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስታቲስቲክስን ማጣጣል አይደለም። ኖርማል ሥርጭት የት እንደሚያገለግልና የት እንደሚያሳስት፣ ከድሬዳዋ መሀል ከተማ በስተምዕራብ በምትገኘው በመልካ ጀብዱና በአካባቢዋ ኑሮ መመዘን ነው።

ኖርማል ሥርጭት የደወል ቅርጽ ያለው መስመር ነው። አብዛኛው ልኬት መሀል ላይ ይከማቻል፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በራቅን ቁጥር በእኩል እየሳሳ ይሄዳል። ከልኬቶቹ 68 በመቶ ያህሉ ከአማካዩ በአንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ 95 በመቶ ያህሉ በሁለት፣ 99.7 በመቶ ያህሉ ደግሞ በሦስት ርቀት ውስጥ ይገኛሉ። ደ ሟቭር እ.ኤ.አ. በ1733 የዕድል ጨዋታዎችን ሲያሰላ ደረሰበት፤ ጋውስ በ1809 የሥነ ፈለክ ተመልካቾችን የልኬት ስሕተት ገለጸበት። ትልቁ ሽግግር የመጣው በ1835 ቤልጂጋዊው ኬትሌ "አማካይ ሰው" የሚለውን ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ ነው። ለሥነ ፈለክ ተመልካቹ አማካዩ ወደ እውነተኛው ልኬት የሚያደርስ መንገድ ነበር፤ ከእርሱ የራቀው ደግሞ የእጅና የዓይን ስሕተት። አስተሳሰቡ ወደ ሰው ልጅ ሲዛወር ግን ከአማካዩ የራቀው ሰው ራሱ እንደ ስሕተት ወደ መታየት ደረሰ። ሥያሜውን ያስፋፋው ካርል ፒርሰን እንኳ በኋለኛው ዘመኑ፣ "ኖርማል" የሚለው ቃል ሌሎችን ሥርጭቶች ሁሉ ከሥርዓት የወጡ እንደሚያስመስል አምኗል።

መስመሩ በቦታው ሲውል የሚሰጠው ጥቅም ሊካድ አይገባም። አንዲት እናት ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስድ ቁመቱ የሚመዘነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የዕድገት መለኪያ ነው። መለኪያው የተዘጋጀው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በተመቻቸ ሁኔታ ያደጉ ሕፃናትን በመለካት ነው። ቁመቱ ለዕድሜው ከተቀመጠው መካከለኛ ልክ ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ የሚያንስ ሕፃን የቀነጨረ ይባላል። በመስመሩ ሕግ ከጤነኞቹ መካከል ከዚህ ወሰን በታች የሚገኙት 2.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ከወሰኑ በታች ተገኝተዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የሥነ ምግብና የጤና ጉድለት ምስክር ነው። ይህ ምስክርነት ሊታመን የቻለው የመለኪያው አዘጋጆች ቅርጹን ስለ ፈተሹ ነው፤ ቁመት የደወሉን ቅርጽ ሲከተል፣ ክብደት ወደ አንድ ጎን እንደሚያዘነብል ተረድተው በስሌታቸው ለክብደት ማስተካከያ አድርገዋል።

ፊቅህም ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ብይን የሚቆመው በጋሊቡ፣ ማለትም በአመዛኙ፣ እንጂ በናዲሩ፣ በብርቅዬው፣ ላይ አለመሆኑን የሚገልጸው ቃዒዳ በመጀላህ 42ኛ አንቀጽ ሰፍሯል። በሻፊዒ መዝሀብ የሐይድ ዝቅተኛው ጊዜ አንድ ቀንና ሌሊት፣ ከፍተኛው 15 ቀን፣ አመዛኙ 6 ወይም 7 ቀን ነው፤ መሠረቱም ኢስቲቅራእ፣ የሴቶችን ሁኔታ ተከታትሎ ማጥናት ነው። ሊቃውንቱ ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ አማካይ አላጠቃለሏቸውም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው። ደሟ ከከፍተኛው ወሰን ያለፈና በመልኩ መለየት ያልቻለች፣ የታወቀ ልማድ ያላት ሴት ደግሞ የምትመለሰው ወደ ራሷ ልማድ እንጂ ወደ ሌሎች ሴቶች አመዛኝ አይደለም። ስለዚህ ጋሊብን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በጋሊብ በማን ላይ እንደሚፈረድ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ጥናቶቻችን የሚሳሳቱት በአብዛኛው በሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት የመረጃውን ቅርጽ አለመመርመር ነው። ለምሳሌ ያህል በመልካ ጀብዱ ዙሪያ 10 አባወራዎች ያሉበት መንደር አለ እንበል። ዘጠኙ እያንዳንዳቸው 4 ፍየል፣ አንዱ 164 ፍየል አላቸው። ድምሩ 200፣ አማካዩ 20፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 48 ይሆናል። 20 ፍየል ያለው አባወራ ግን በመንደሩ የለም። ይባስ ብሎ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዘን የደወሉን መስመር ብንሥል፣ ከሦስት አባወራዎች የአንዱ ያህል ሀብት ከዜሮ በታች ነው ይለናል። የፍየል ኒሷብ 40 ስለሆነ፣ በአማካይ የሚፈርድ ጥናት መንደሩ ዘካ አይመለከተውም ብሎ ይደመድማል። ሸሪዓ ግን እያንዳንዱን በየራሱ ይጠይቃል። ፍየሎቹ በግጦሽ የሚኖሩና ዓመት የሞላቸው ከሆኑ ባለ 164ቱ ሁለት ያወጣል፤ ከዘጠኙ ችግረኛ የሆነው ደግሞ ከተቀባዮቹ ወገን ነው። ሀብትን፣ ዕዳንና ገቢን የመሰሉ ነገሮች በአብዛኛው እንዲህ ወደ አንድ ጎን የተሳቡ ናቸው። ቁጥሮቹን በተርታ ደርድሮ መካከለኛውን መውሰድ፣ በዚህ ምሳሌ 4ን፣ ለእውነቱ ይቀርባል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሥርጭቱን እንዳለ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የመረጃዎችን መተሳሰር መዘንጋት ነው። አጥኚው ስለ ቅርጹ ሲጠየቅ፣ ናሙናው ከበዛ ሥርጭቱ ኖርማል ይሆናል ብሎ ይመልሳል። ይህ ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1810 ያቀረበውን የማዕከላዊ ወሰን ቴዎረም በግማሽ መጥቀስ ነው። ቴዎረሙ ወደ ደወል ቅርጽ ይቀርባል የሚለው የናሙናውን አማካይ እንጂ የሰዎቹን ሀብት ወይም ዕውቀት አይደለም። በተለመደው መልኩም መረጃዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ያልተንጠለጠሉ መሆናቸውን ይሻል።

ይህ ቅድመ ሁኔታ ምን ያህል እንደሚከብድ የድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት በከተማዋ የተመዘገቡት ታማሚዎች 205 ገደማ ነበሩ፤ በ2022 በተመሳሳይ ወራት ቁጥራቸው 2400 ያህል ደረሰ። ምክንያቱን የመረመሩት ተመራማሪዎች ውጤታቸውን በ2023 በኔቸር ሜዲስን መጽሔት አሳትመዋል። የጥናታቸው ብልጫ የከተማዋን አማካይ በመፈለግ አለመወሰናቸው ነው። በታመሙት ሰዎች ዙሪያ የሚኖሩትን ካልታመሙት ዙሪያ ከሚኖሩት ጋር አነጻጸሩ። በሽታው በታማሚዎቹ ዙሪያ ተሰባስቦ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው ትንኝ መገኘት ጋርም ተያይዞ አገኙት። ይህች ትንኝ በዕቃ በተጠራቀመ ውሃ ስለምትራባ ደረቁ ወቅት አይበግራትም። እዚህ ላይ ታማሚዎቹ የተነጣጠሉ ቁጥሮች አይደሉም፤ የአንዱ ቤት ክዳን የሌለው በርሜል የጎረቤቱ ሕመም ነው። በጁምዓ ኹጥባው ስለ ጎረቤት ሐቅ የሚናገር ኢማም ከማንኛውም የከተማ አማካይ ይልቅ ይህን ግኝት ሊጠቀምበት ይችላል።

መድረሳዎቻችንም ከዚህ አይለዩም። ከ4 መድረሳዎች 50፣ 50 ተማሪዎችን ወስዶ ናሙናዬ 200 ነው የሚል አጥኚ፣ የአንድ ኡስታዝ ተማሪዎች እንደሚመሳሰሉ ዘንግቷል። የመመሳሰላቸው መጠን 0.1 ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ በተለመደው ቀመር 200ው ተማሪዎች የሚሰጡት መረጃ 34 ያህል ያልተሳሰሩ ተማሪዎች ከሚሰጡት አይበልጥም። ድምዳሜው ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ሆኖ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ዳሩን መርሳት ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል አሸዋው የሚታይ ወንዝ ነው፤ በአማካዩ የሚያውቀው ሰው አይፈራውም። በደወሉ መስመር ስሌት ከአማካዩ ከስድስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ የሚሄድ ነገር የሚከሰተው ከቢሊዮን አንድ ጊዜ ያህል ነው። ዝናብና ጎርፍ ግን በዚህ ሕግ አይታሰሩም። የውሃ መሐንዲሶች ለከባድ ጎርፍ የጉምበልን የመሰሉ፣ ለጽንፍ ክስተት የተበጁ ሥርጭቶችን የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ መሻገሪያ የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው እግሩን የሚያሳርፍበትን ስፍራ ጥልቀት እንጂ የወንዙን አማካይ አይደለም። ናዲር ብይን አይቆምበትም የሚለው ቃዒዳም ሕዝብን ለአደጋ ለማጋለጥ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዐበይት ዓላማዎች አንዱ ነውና፣ ብርቅዬው ነገር ሕይወት የሚያጠፋ ሲሆን ሊታሰብበት ግድ ነው። መስጂድ ወይም መድረሳ በደረቅ ወንዝ ዳር ሊሠራ ሲታሰብ መጠየቅ ያለበት በዓይነተኛው ክረምት ውሃው የት እንደሚደርስ ሳይሆን፣ በከፋው ሌሊት የት እንደሚደርስ ነው።

አራተኛው ለመምህራን እጅግ ቅርብ ነው፤ መስመሩን ከገላጭነት ወደ ዳኝነት ማሻገር። ከፍተኛ ውጤት የሚያገኙት ጥቂቶች፣ መካከለኛ የሚያገኙት ብዙዎች፣ የሚወድቁትም ጥቂቶች መሆን አለባቸው ብሎ አስቀድሞ የወሰነ መምህር ተማሪዎቹን አልመዘነም፤ ቅርጹን ሞላ እንጂ። ኢጃዛን እንመልከት። ሒፍዙን ያጠናቀቀና ንባቡን ያሳመረ ተማሪ ኢጃዛ የሚሰጠው ከጓደኞቹ ስለበለጠ ሳይሆን ከመስፈርቱ ስለደረሰ ነው። ሃያ ተማሪዎች ሁሉም ቢደርሱ ሃያዎቹም ይቀበላሉ፤ አንድም ባይደርስ አንድም አይቀበልም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ አገሩ ደነገጠ። ያ ድንጋጤ ሊመጣ የቻለው መስፈርቱ ቋሚ ስለነበረ ነው። ተማሪው ከተማሪ ጋር ብቻ ተወዳድሮ በደወሉ ቢደለደል ኖሮ እንደ ሁልጊዜው ጥቂት ጎበዞች፣ ብዙ መካከለኞች ይታዩ ነበር፤ የትምህርቱ ውድቀት ግን ከዓይን ይሰወር ነበር። እንዲያውም ማስተማር ከተሳካ የውጤቱ ቅርጽ ወደ ላይኛው ጎን መሳብ አለበት። በአንድ ክፍል የተስተካከለ ደወል መታየቱ ብቻውን የጥሩ ትምህርት ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ጥናት የሚገመግም መምህርም ሆነ በጥናት ተመርኩዞ ጀመዓውን የሚመክር ኢማም ከሒሳብ ሊቅነት በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይችላል። የመረጃው ቅርጽ በሥዕል ታይቷል ወይስ ተወስዷል? የተጠየቁት ሰዎች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው? የጉዳዩ ክብደት ያለው በመሀሉ ነው ወይስ በዳሩ? ቁጥሩ ሁኔታን እየገለጸ ነው ወይስ በሰው ላይ እየፈረደ? መጠይቁ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥ ከሆነም፣ አማካዩ 3 ነው ከመባሉ በፊት ሁሉም 3 ማለታቸው፣ ወይስ ግማሹ 1 ግማሹ 5 ማለታቸው ሊነገር ይገባል። የመጀመሪያው ጀመዓ ግዴለሽ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ለሁለት የተከፈለ ጀመዓ ነው፤ የሚያስፈልገውም ምክር የተለየ ነው። ኢማሙ በሚንበር ላይ ሲቆም ከፊቱ የሚቀመጡት እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸውና፣ አጥኚው አማካዩን ከመጻፉ በፊት እነርሱን ቢያሳየው አማናውን ተወጥቷል። ወላሁ አዕለም።