ቀይ ባሕርን የተሻገሩት ብቻ ሲያወሩ

ግቢያችን ውስጥ "ቀይ ባሕር" የምንላቸው መምህር ነበሩ። ስሙን የትኛው ባች እንዳወጣላቸው የሚያውቅ የለም፤ እኛ ስንገባ ስሙ ቀድሞን ደርሷል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ያስገባሽውን ወረቀት ሲመልሱልሽ በቀይ እስክርቢቶ ተጥለቅልቆ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የመጽሐፍ ቅዱሱ ነው፦ የተሻገረ ይሻገራል፣ ያልተሻገረ ከነፈረሱ እዚያው ይቀራል። ሲኒየሮች "ኮርሱን አለፍሽ?" አይሉም፤ "ተሻገርሽ?" ነው የሚሉት።

ኮርሱ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ነበር። ሴሚስተሩ ሲጀመር ወንበር አይበቃንም ነበር፤ ከሚድ በኋላ የኋላዎቹ ሁለት ረድፎች ባዶ ሆኑ። መምህሩ ሰዓቱ ሲሞላ በሩን ይዘጋሉ። ያላነበበውን ሰው ፊቱን አይተው ያውቁታል። አንድ ቀን ከእኔ ወረቀት ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቡ፦ "ደራሲው የማኅበረሰቡን ሕይወት በጥልቀት ዳስሷል።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና "በጥልቀት ማለት ስንት ሜትር ነው?" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ዶርም ገብቼ ግን አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማታ ስድስት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን "ዊፕላሽ"ን አየን። ፊልሙ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ግቢውን አዳርሶ ነበር። ያመጣችው ልጅ "የቀይ ባሕር ታሪክ ነው፣ እዩት" አለች። ሲያልቅ አጨበጨብን። አንዷ "አያችሁ? ሰው ካልተወቀጠ ሰው አይሆንም" አለች፤ ማናችንም አልተከራከርናትም። እኔም እንባዬን ጠርጌ አመንኩ፤ ለዓመታትም ሳምን ኖርኩ።

ፊልሙን ደግሜ ያየሁት በቅርቡ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች የአክስቴ ልጅ ደውላ ስለ አንድ መምህር እያለቀሰች ነገረችኝ። "ድሮፕ ላድርግ ወይስ ልቻለው?" አለችኝ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የቀይ ባሕርን ታሪክ ጀመርኩላት፤ ስንት ሜትር ነው ያሉኝን፣ ያለቀስኩትን፣ በመጨረሻ የተሻገርኩትን። እያወራሁ ድምፄን ስሰማው የራሴ አልመስል አለኝ። በስልኩ የማወራው እንደዚያች ማታ ልጅ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ፊልሙን ፈልጌ ከፈትኩት።

ላላየው ባጭሩ። "ዊፕላሽ" እ.ኤ.አ. 2014 የወጣ፣ ዴሚየን ሻዜል ጽፎ ያዘጋጀው ፊልም ነው። አንድሩ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ድራም መቺ ኒውዮርክ ውስጥ ባለ በልብ ወለድ የተፈጠረ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቷል። ፍሌቸር የሚባል መምህር ወደ ባንዱ ይወስደዋል። ፍሌቸር ይሳደባል፣ ወንበር ይወረውራል፣ ልጁን በጥፊ እየመታ ፈጠንክ ወይስ ዘገየህ እያለ ያፋጥጠዋል። ፍሌቸርን የተጫወተው ጄ. ኬ. ሲመንስ በዚህ ሥራው ኦስካር ወስዷል፤ ይገባዋል። ፊልሙ የኤዲቲንግ ኦስካርም አግኝቷል፤ እሱም ይገባዋል። ፍሌቸር ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ ሁሉ ዐይናቸውን መሬት ላይ ሲተክሉ ያለችውን ጸጥታ እዩ። እኛ ክፍል በሩ ሲዘጋ የምትመጣውን ጸጥታ በፊልም ያየኋት እዚያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክርክሬ ፊልሙ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ክርክሬ ከእኛ አጨብጫቢዎቹ ጋር ነው። ፊልሙ ውስጥ በግልጽ የተቀመጡ ነገሮችን ያን ማታ ስድስታችንም አላየናቸውም።

መጀመሪያ ትሮምቦን የሚነፋው ልጅ አለ። ፍሌቸር ባንዱ መሐል የተዛባ ድምፅ ሰማሁ ብሎ አንዱን ልጅ ያፋጥጠዋል። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል፣ በመጨረሻ እኔ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ይባረራል። በሩ ሲዘጋ ፍሌቸር ለቀሩት ያዛባው እሱ ሳይሆን ሌላው ልጅ እንደሆነ ይነግራቸዋል። የተባረረው ልጅ ግን ማዛባት አለማዛባቱን ስላላወቀ ያው ጥፋት ነው ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስናየው "ኧረ!" ብለን ስቀን አለፍን። አሁን ሳየው ግን ፊልሙን እዚያ ላይ አቆምኩት። ልጁ ያላጠፋውን ጥፋት ያመነው ጆሮው ስለደከመ አይደለም፤ ፍርሃት ጆሮውን ስለነጠቀው ነው። ትምህርት የሚባለው ነገር የራስን ድምፅ መስማት ከሆነ፣ ያ ክፍል ያን ቀን አንድ ልጅ አደነቆረ።

ሁለተኛው የቻርሊ ፓርከር ታሪክ ነው። ፍሌቸር ለጭካኔው ማስረጃ አድርጎ ደጋግሞ የሚያነሣው ይህን ነው። ታላቁ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ፓርከር ልጅ ሳለ መድረክ ላይ ሲበላሽበት ድራም መቺው ጆ ጆንስ ሲምባል ወርውሮ አንገቱን ሊቀላው ለጥቂት ሳተው፤ ፓርከር በዚያ ንዴት ዓመት ሙሉ ተለማምዶ ፓርከር ሆነ ይላል። እውነተኛው ታሪክ በ1936 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የሆነ ነው። እዚያ ከነበሩ ሰዎች የመጣው ትረካ ግን ሌላ ነው፤ ጆንስ ሲምባሉን የጣለው ከልጁ እግር ሥር፣ መሬት ላይ ነው፤ በቃህ፣ ውረድ ለማለት። ማዋረድ ነው፣ አዎ። አንገት ግን የለበትም። ፓርከር ከዚያ በኋላ እንደ እብድ መለማመዱም እውነት ነው። ከእግር ሥር የወደቀ ሲምባል ሲወራ ሲወራ ወደ አንገት ወጣ።

ይኼን ነገር እኛ ግቢም አውቀዋለሁ። ስንት ሜትር ነው የተባልኩትን ታሪክ በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ፍሬሽማን አፍ መልሼ ሰማሁት። እሱ ዘንድ መምህሩ ወረቀቴን ቀድደው በመስኮት ጥለውታል። እኔ ነኝ ባለታሪኳ ብዬ ላርመው አልፈለግኩም። ለምን ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ያሳፍራል፤ የተቀደደው ይበልጥ ጀግና ያደርገኝ ነበር። የጨካኙን መምህር ተረት የሚያሳድጉት መምህራን ብቻ አይደሉም። ባሕሩ በጠለቀ ቁጥር የተሻጋሪው ክብር ይጨምራል።

ሦስተኛው ነገር ፊልሙ ውስጥ የምትገኝ አንዲት አጭር ንግግር ናት። አንድሩ ፍሌቸርን ይጠይቀዋል፦ በዚህ ሁሉ መሐል የሚቀጥለውን ቻርሊ ፓርከር ራሱን ተስፋ አስቆርጠኸው ቢሆንስ? ፍሌቸር አይሆንም ይላል፤ እውነተኛው ፓርከር ተስፋ አይቆርጥማ። ያን ማታ ይህ መልስ የጥበብ ጥግ መስሎን ነበር። አሁን ስመረምረው መውጫ የሌለው ክብ ነው። የወጣው ሁሉ የመምህሩ ውጤት፣ የቀረው ሁሉ የራሱ ድክመት። በዚህ ሒሳብ መምህር ሊሳሳት አይችልም። ፊልሙ ግን ይህን ሒሳብ ራሱ ያፈርሰዋል። የፍሌቸር ምርጥ የነበረ አንድ የቀድሞ ተማሪ ይሞታል። ፍሌቸር ለተማሪዎቹ በመኪና አደጋ ሞተ ብሎ በእንባ ይነግራቸዋል። በኋላ እንደምንሰማው ልጁ ራሱን አጥፍቷል፤ ጭንቀቱ የጀመረው ፍሌቸር ክፍል ሳለ ነው። ፍሌቸር ትክክል ነኝ ብሎ ቢያምን ኖሮ መዋሸት ባላስፈለገው ነበር።

እኔ አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ከእኔ የተሻለ ታነባለች፤ ይኼን ለትሕትና ብዬ አይደለም የምለው። ክፍል ውስጥ የማልደፍረውን ጥያቄ በጆሮዬ ትነግረኝ ነበር። ከሚድ በኋላ ከጠፉት አንዷ እሷ ናት። ዲፓርትመንት ቀየረች አሉ። "አልቻለችውም" ብለን ፋይሏን ዘጋን። ያንን ኮርስ በማንሣበት ጨዋታ ሁሉ አንድም ቀን ስሟን ጠርቼ አላውቅም። የቀይ ባሕር ታሪክ የሚነገረው በተሻገሩት አፍ ብቻ ነው፤ የቀሩት ትረካ የላቸውም። እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ሰብስቤ ብሔድ መጀመሪያ የሚጥሉብኝ ራሳቸው ቀይ ባሕር ነበሩ። "ያልጠየቅሻቸው ሰዎችስ?" ብለው በኅዳጉ ላይ ይጽፉ ነበር።

አዎ፣ ይጽፉ ነበር። ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ያን የድሮ ወረቀት ከሣጥን አውጥቼ አየሁት። "በጥልቀት" የምትለዋ ቃል ተከባለች። ከጎኗ፦ "የትኛው ምዕራፍ? የማን ሕይወት? አሳዪኝ።" ቀጥሎ፦ "ይህን ከመጽሐፉ ነው ያገኘሽው ወይስ ከመቅድሙ?" (ከመቅድሙ ነበር።) አራተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ተሰምሮበት "ይህ የራስሽ ነው፤ ከዚህ ጀምሪ" ይላል። ያን ጊዜ ይቺን አላየኋትም። በእንባ የተሞላ ዐይን ቀዩን እንጂ ቃሉን አያይም። የሚቀጥለውን ወረቀት ያሻሻለልኝ ያ የክፍል ሳቅ ነው ብዬ ለዓመታት ሳወራ ኖሬያለሁ። ያስተማረኝ ግን ቀዩ ነው፤ አንድ ሰው እያንዳንዷን ዐረፍተ ነገሬን ቁጭ ብሎ ማንበቡ። ሳቁ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ያንን እንዳላይ ዐይኔን መጋረድ ነው።

ፊልሙን በዚህ ዐይን እዩት። ፍሌቸር ሲያስተምር የምናይበት ቦታ የት አለ? ስሕተትን ይናገራል፣ ይሳደባል፣ ያባርራል። እጅህን እንዲህ ያዝ፣ እዚህ ጋ እንዲህ ቁጠር ሲል አንሰማም ማለት ይቻላል። አንድሩ የሚያድገው ብቻውን ክፍል ዘግቶ፣ የደማ እጁን በረዶ ውኃ ውስጥ እየነከረ ነው። ሻዜል ይህን አውቆ ያደረገው ይመስለኛል። እኛ ግን የልጁን ደም አይተን ለመምህሩ አጨበጨብን።

"ባህላችን ነው፣ እኛ በቁንጥጫ ያደግን ነን" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ባህላችን እንሒድ። ከቅኔ ቤት የከበደ ትምህርት ማን ያውቃል? ተማሪው በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ አልፎ፣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ይዞ ለነገራ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩ ይሰማል፣ የተሰበረውን ያቃናል፣ ያልሆነውን ይጥላል። በአገራችን የድሮ ትምህርት ውስጥ ዱላም አለንጋም እንደነበር አልክድም፤ ናፍቆት አልሸጥም። ግን የነገራን አሠራር ተመልከቱ፤ የእያንዳንዱን ተማሪ ቅኔ የሚሰማ ጆሮ አለ። ደግሞም ሰም ከወርቅ ሲገጥም የሚባል ቃል አለ፦ "ይበል!" ፍሌቸር ከ"ጎሽ፣ በርታ" የከፋ ጎጂ ቃል የለም ባይ ነው። የእኛ ከባዱ ትምህርት ቤት ግን ያለ "ይበል" አልኖረም። ቃሉ የሚከብደው በየደቂቃው ስለማይባል ነው፤ ሲገባ ግን ይባላል።

የፊልሙ መጨረሻ አሁንም ያስደነግጠኛል። ፍሌቸር ልጁን ሊያዋርደው መድረክ ላይ ያወጣዋል፤ ልጁ ተዋርዶ ይወጣል፣ አባቱ ያቅፈዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ሳይታዘዝ መምታት ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ይተያያሉ። ያን ማታ ይህን እንደ ድል አይተነው ነበር። አሁን ዐይኔ የሚቀረው በሩ ላይ ቆሞ በስንጥቅ የሚያየው የአባትየው ፊት ላይ ነው። ልጁን ያጣ ሰው ፊት ነው።

በማግሥቱ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። ቻይው አላልኳትም፣ ድሮፕ አድርጊም አላልኳትም። "ወረቀትሽን ሲመልሱልሽ ምን ተጽፎበታል?" ብዬ ጠየቅኋት።

ትንሽ ዝም አለች። "ቁጥር" አለችኝ። "ከሠላሳ አሥራ አንድ። ሌላ ምንም የለበትም።"

"እሺ፣ ከሰጡሽ ቢሯቸው ሒጂና አሥራ ዘጠኙ የት እንደጠፋ ጠይቂያቸው" አልኳት። "የሚያሳዩሽ ከሆነ ከባድ መምህር ናቸው፤ አትልቀቂያቸው። ካላሳዩሽ ግን ከባድ አይደሉም።"

እስካሁን አልደወለችም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ የምደውልለት ሰው ቁጥር እያፈላለግኩ ነው፤ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችውን ልጅ። ከመቅድሙ ነው ወይስ ከመጽሐፉ ብዬ ሳልገምት፣ ለምን እንደሔደች ከራሷ አፍ ልሰማ።