ለቅሶ በጨዋታ ወግ፦ የጋሪ ጋይጋክስ ሞትና ተጫዋቾቹ

ጋሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2008 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ በ69 ዓመቱ አረፈ። ከዴቭ አርነሰን ጋር የፈጠረው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው ጨዋታ ለገበያ ከቀረበ 34 ዓመት ሆኖት ነበር። ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኞቹ በከተማዋ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ አውጥተው ይጫወቱ ጀመር። በዓመቱ፣ በማርች 2009፣ ይኸው ስብሰባ «ጋሪ ኮን» ተብሎ ተደገመ፤ ከዚያ ወዲህም የሟቹ መታሰቢያ ሆኖ ዘልቋል።

ሐዘንተኛ ከቀብር መልስ ጨዋታ መጀመሩ ለውጭ ተመልካች ነውር ሊመስል ይችላል። ሟቹን እንደ ማቃለል የሚቆጥረውም አይጠፋም። ይህ ፍርድ ግን ሰውዬው ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሠራ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። እነዚህ ሰዎች ያዘኑበትን መልክ የወሰነው የጨዋታው አሠራር ራሱ ነው።

ጋይጋክስ ቺካጎ ውስጥ በኢንሹራንስ ድርጅት ይሠራ የነበረ፣ ከሥራው ከወጣ በኋላ በቤቱ ምድር ቤት ጫማ እየጠገነ ቤተሰቡን ያስተዳደረ ሰው ነበር። ትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፈው በትናንሽ የወታደር ቅርጾች በሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው። በ1968 የዚህ ጨዋታ ወዳጆችን ሌክ ጄኔቫ ላይ ሰብስቦ «ጄን ኮን» የተባለውን ዓመታዊ ጉባኤ ጀመረ። በ1971 ከጄፍ ፔረን ጋር «ቼይንሜይል» የተሰኘ የመካከለኛው ዘመን ውጊያ ደንብ አሳተመ። በጎረቤት ሚኒሶታ ደግሞ አርነሰን ከጓደኞቹ ጋር «ብላክሙር» የሚል ሌላ ነገር እየሞከረ ነበር። በእሱ ጠረጴዛ ተጫዋቹ ሠራዊት ማዘዙን ትቶ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ያ ሰው ከሞት ካመለጠ በሚቀጥለው ሳምንት ካቆመበት ይቀጥላል፤ ልምድ ያካብታል፤ ከቤተ መንግሥት ሥር ወዳለ ጨለማ ዋሻ ይወርዳል። አርነሰን ይህን ለጋይጋክስ አሳየው፤ ጋይጋክስም ተቀብሎ በደንብ መልክ ጻፈው። በጃንዋሪ 1974 ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት የያዘ ሣጥን በ10 ዶላር ዋጋ፣ በ1,000 ቅጂ ወጣ። አሳታሚው ጋይጋክስ ከልጅነት ጓደኛው ከዶን ኬይ ጋር ያቋቋመው «ቲኤስአር» ነው።

በሣጥኑ ውስጥ የመጫወቻ ሰሌዳ አልነበረም፤ አሸናፊና ተሸናፊም የለም። አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆንና ዓለሙን በቃል ይተርካል፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያቸው የሚያደርገውን ይናገራሉ፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ደንቡ በብዙ ቦታ ክፍተት ነበረበት። የሦስተኛው መጽሐፍ መደምደሚያም አንባቢው ከደራሲዎቹ ፈቃድ ሳይጠብቅ የጎደለውን ራሱ እንዲሞላ ያበረታታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱን ዋሻ ቆፈረ፤ የራሱን ከተማ ገነባ፤ የራሱን ጀግኖች ቀበረ። የልቦለድ አንባቢ ደራሲውን በዓረፍተ ነገሩ ያገኘዋል። የዚህ ጨዋታ ተጫዋች ግን የሚያስታውሰው ጓደኛው በአንድ ቅዳሜ ምሽት የተረከለትን ቤተ መቅደስ እንጂ ጋይጋክስ የጻፈውን ገጽ አይደለም። ሥራው የሚፈጸመው ነዳፊው በሌለበት ቦታ፣ ነዳፊው በማያውቃቸው ሰዎች ነው።

በ2008 የወጡትን የሐዘን ጽሑፎች የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ብዙዎቹ ስለ ጋይጋክስ ጥቂት፣ ስለ ጸሐፊው ራሱ ብዙ የሚናገሩ መሆናቸውን ነው። አንዱ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ስላጣው ጠንቋይ ያወሳል፤ ሌላው ዓይን አፋርነቱን ስላስጣለው የክፍል ጓደኞቹ ስብስብ። ይህ በሟች ስም ራስን ማወደስ ተደርጎ ሊተች ይችላል፤ ትችቱ ግን ስቷል። ግማሹን ተጫዋቹ በሠራው ሥራ ላይ የራስን ድርሻ መተረክ ሥራውን መግለጽ ማለት ነው። የሙሾ አውራጅ ግጥም የሟቹን ጀግንነት እንደሚዘረዝር ሁሉ፣ እነዚህ ጽሑፎችም ጋይጋክስ ያስቻለውን ነገር ዘርዝረዋል። ያስቻለው ነገር የሚገኘው ደግሞ በሌሎች ሰዎች ሕይወት ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው ጠባያቸው ቋንቋቸው ነው። ለቀስተኞቹ በጨዋታው ቃላት አዘኑ፤ የመጨረሻው የሕይወት ነጥብ ስለ ማለቁ፣ ከሞት ለማምለጥ የተጣለው ዳይስ ስለ አለመሳካቱ ጻፉ። «ኦርደር ኦቭ ዘ ስቲክ» እና «ኤክስኬሲዲ» የተባሉት የካርቱን ሥራዎች መታሰቢያ አወጡ፤ በሁለተኛው ላይ ጋይጋክስ ከሞት ጋር ለጨዋታ ይቀመጣል። በወጣትነቱ ተጫዋች የነበረው እስቲቨን ኮልቤር የማርች 5 የቴሌቪዥን ዝግጅቱን መዝጊያ ለእሱ ሰጠ። በዚያው ዓመት የወጣው «ቤንደርስ ጌም» የተሰኘ የ«ፊውቹራማ» ፊልምም ለእሱ መታሰቢያ ሆነ። ቀልድ የሚመስለው ይህ አነጋገር ከልብ የመነጨ ነበር። ይህ ሕዝብ ለዓመታት ሞትን የተለማመደው በዚያ ቋንቋ ነው፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ብዙ ጊዜ ያሳደገውን ገጸ ባሕርይ አጥቶ ዝም ብሎ ያውቃል። እውነተኛው ሞት ሲመጣ ሌላ ቋንቋ መበደር አላስፈለገውም።

ከመታሰቢያዎቹ ሁሉ በጥልቀቱ የሚልቀው በኮምፒውተር ዓለም የቆመው ነው። በ2006 የወጣው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ኦንላይን» ውስጥ ዴሌራ የምትባል ሴት መቃብርን የሚመለከት ጉዞ አለ። የዚህ ጉዞ ተራኪ ጋይጋክስ ሲሆን በሕይወት ሳለ ድምፁን ለዚሁ ቀርጾ ነበር። ከሞተ በኋላ የጨዋታው ሠሪዎች በዚያው መካነ መቃብር ውስጥ የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙለት። ተጫዋቹ ሐውልቱን አልፎ ወደ ዋሻው ሲወርድ የሚመራው የሟቹ ድምፅ ነው። ፎቶግራፍም ሆነ ሐውልት ሟቹን እንደ ነበረ ብቻ ያሳያል፤ እዚህ ግን ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የነበረውን ሥራ፣ ጨዋታ መምራትን፣ ይሠራል። የጋይጋክስን ማንነት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ሐዘኑ ግን ምርጫም ነበረበት። ተጫዋቾቹ ያለቀሱለት ጋይጋክስ ክፍተት ትቶ የጻፈውን የ1974ቱን ሰው ነው። ሌላም ጋይጋክስ ነበር። ከ1977 ጀምሮ በወጣው «አድቫንስድ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ደንቡን በሰፊው ወስኖ ጻፈ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም «ድራጎን» በተባለው መጽሔት ደንቡን የሚለውጡ ሰዎች የሚጫወቱት ያንን ጨዋታ እንዳልሆነ ተከራከረ። በ1979 አርነሰን ከደራሲነት ክፍያ ጋር በተያያዘ ክስ መሠረተበት፤ ጉዳዩ በ1981 በስምምነት አለቀ። በ1985 ጋይጋክስ ራሱ የቲኤስአርን ሥልጣን ተነጠቀ፤ በዓመቱም ከድርጅቱ ወጣ። ይህ ስደት፣ ባይፈልገውም፣ ስሙን አድኖለታል ማለት ይቻላል። ከድርጅት አለቃነት ወደ ተጫዋችነት ተመለሰ፤ በቤቱ እንግዳ ተቀብሎ ጨዋታ መራ፤ ለአድናቂዎቹ ጥያቄ በትዕግሥት መለሰ። በ2008 የተቀበረው ይህ ሽማግሌ ስለሆነ የለቅሶው ምርጫ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉም አይደለም።

የሐዘኑን ክብደት ያበዛ ሌላ ምክንያትም አለ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይህ ጨዋታ ወጣቶችን ወደ ሰይጣን አምልኮና ራስን ወደ ማጥፋት ይመራል የሚል ክስ ተስፋፍቶ ነበር፤ በ1985 «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ጉዳዩን አቀረበው፤ ጋይጋክስም ቀርቦ ተከላከለ። መጽሐፋቸውን ከወላጅ ደብቀው ያደጉ ልጆች በ2008 ጸሐፊ፣ ፕሮግራመር፣ የቴሌቪዥን ሰው ሆነው ነበር። ታላላቅ ጋዜጦች ስለ ሟቹ በአክብሮት ሲጽፉ ለእነሱ የዘገየ ፍትሕ ነበር።

አርነሰን በኤፕሪል 7 ቀን 2009፣ ከመጀመሪያው ጋሪ ኮን ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ61 ዓመቱ በሚኒሶታ ሞተ። ተጫዋቾች ለእሱም አዝነዋል፤ የሞቱ ዜና ግን በብዛት የጋይጋክስን ስም አስከትሎ ነበር የተነገረው። ጨዋታን በመምራት እንጂ በመጻፍ ያልታወቀ ሰው ለአዛኞቹ የሚጠቀስ ገጽ አይተውም፤ ልዩነቱ በከፊል ከዚህ ይመጣል። ጋይጋክስ ግን በ1979 ያወጣው የጨዋታ መሪዎች መመሪያ ብቻ እንኳ ከማንም ጋር የማይምታታ ድምፅ አለው። ጨዋታውን ማን ፈጠረው የሚለውን ጥያቄ ወደ ሰነድ የመለሰው ቀጣዩ ምርምር ነው። ጆን ፒተርሰን በ2012 ባሳተመው «ፕሌዪንግ አት ዘ ወርልድ» የጨዋታውን ልደት ከክለብ ጋዜጦችና ከደብዳቤዎች ተነስቶ መረመረ፤ በ2019 የወጣው «ሲክሬትስ ኦቭ ብላክሙር» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም የአርነሰንን የጨዋታ ጓደኞች አናገረ። የዛሬው ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም እንደ ደራሲ ይቆጥራል፤ በየማርች ሌክ ጄኔቫ ላይ የሚጠራው ስም ግን አሁንም የአንዱ ነው።