ሲገጥሙ ዝም በል

ሰሞኑን አንድ ወጣት ከአዳማ ደራ ድረስ መጥቶ ነበር። ፊልም መተርጎም ከጀመረ ገና ነው። ሻይ እንኳን ሳይቀርብለት የመጣበትን ተናገረ፦ «ጋሼ፣ ‹ፓሲፊክ ሪም›ን የተረጎሙትን ሰማሁት። ሮቦቱና አውሬው ሆንግ ኮንግ ላይ ሲገጥሙ ድምፅዎ ይጠፋል። ማይኩ ተበላሽቶብዎት ነው?»

ማይኩ ደህና ነበር፤ ሆን ብዬ ነው የዘጋሁት። ለልጁ ባጭሩ የመለስኩለትን እዚህ ዘርዘር ላድርገው፤ በየስልኩ የሚዞረው ትርጉም ተቃራኒውን እያስተማረ ነውና።

አሁን የተለመደው ትርጉም ፋታ አይሰጥም። ቡጢ በተሰነዘረ ቁጥር «እንካ!»፣ «ቅመሳት!» ይላል። አውሬው ሲያጓራ በላዩ ቀልድ ይደርብበታል። ተርጓሚው አፍታ ዝም ካለ ሰው የሚነሳበት ይመስለዋል። ሌላው መንገድ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የለመድነው ነው፦ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የራሱ ድምፅ። ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው ለሚነታረኩበት የቱርክ ድራማ ተገቢ ነው፤ ለዚያ ሥራ ክብር አለኝ። ነገር ግን ቁመቱ ሰማንያ ሜትር የሚጠጋ ሮቦት ምን ተናግሮ ነው ድምፅ የምትሰጠው?

የግዙፍ ነገር ግዝፈት የሚሰማው በጆሮ ነው። ይህን ጃፓኖች ከመጀመሪያው አውቀውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የመጀመሪያው «ጎድዚላ» ሲሠራ፣ የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ የአውሬውን ጩኸት ከየትኛውም እንስሳ አልወሰደም። ከኮንትራባስ፣ ከዚያ ሰው ከሚያክለው ባለ አውታር መሣሪያ ነው ያወጣው። ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት አውታሩ ይፈተጋል፣ የተቀዳው ድምፅ ደግሞ እንዲያዘግም ይደረጋል። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ አብሮን አለ። እንዲህ ተለፍቶበት በተሠራ ድምፅ ላይ «ወይ ጉድ፣ ተቆጣ!» ብሎ መጮህ ነውር ነው። የምለውን አለሳልሼ ማለት አልፈልግም።

«ፓሲፊክ ሪም»ን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የሠራው ጊዬርሞ ዴል ቶሮም ይህን ያውቃል። የእሱ ግዙፎች አይቸኩሉም። ክንዳቸው ተነስቶ እስኪያርፍ ጊዜ ይወስዳል፣ ዝናቡ ከትከሻቸው ላይ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል። ሆንግ ኮንግ ላይ የሮቦቱ ቡጢ አውሬውን ስቶ የቢሮ ሕንፃ ይበሳል። ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን እየጠራረገ ይገባና መጨረሻ ላይ አንድ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ጉልበቱን ይጨርሳል። እዚያ ላይ በክር የተንጠለጠሉ ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉ። ቡጢው ነካ ያደርጋቸዋል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እኛ ቤት በዚያች ቀጭታ ያልሳቀ ሰው አልነበረም። ተርጓሚው በዚያች ሰከንድ አፉን ቢከፍት ማን ይሰማት ነበር?

ስለዚህ ቃሌን ሁሉ የማወጣው ከውጊያው በፊት ነው። ሮቦቱን ሁለት ሰዎች አእምሯቸውን አገናኝተው እንደሚያንቀሳቅሱት፣ አንዱ የሌላውን ትዝታ ሁሉ እንደሚያይ፣ ማኮ ሞሪ በልጅነቷ በአውሬ ቤተሰቧን እንዳጣች፣ ይህን ሳልሰስት እናገራለሁ። ሰው ይህን ከያዘ በኋላ ተርጓሚ አያስፈልገውም። በውጊያው መሐል የተረጎምኩት አንድ ቦታ ነው። አውሬው ሮቦቱን አንጠልጥሎ ወደ ሰማይ ሲወጣ ማኮ ሰይፉን ትመዝና ለቤተሰቧ ብላ እንደምትመታው በጃፓንኛ ትናገራለች። እሱን ብዬ ማይኩን መልሼ ዘጋሁት። የተነሳውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም።

የምቀዳው ቤት ውስጥ፣ ጓደኞቼ ባሉበት ነው። ባዶ ክፍልን ብርድ ልብስ አልብሰው የሚቀዱ አሉ፤ ድምፁ ይጠራል ይላሉ። ይጥራ፤ እኔ ግን ለማን እንደምናገር ሳላይ መናገር አልችልም። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥራለን፣ ፕሮጀክተሩን እንከፍታለን፣ መብራት እንዳይሄድ እንጸልያለን። በር ላይ የሚቆሙ ሕፃናትም አይጠፉም። «ፓሲፊክ ሪም»ን በቀዳሁበት ምሽት ብየዳ ቤት ያለው ወዳጄ ሮቦቱን ከክርኑ በላይ ማየት አልቻለም፤ ያ መገጣጠሚያ ያን ክብደት አይሸከምም ብሎ ሲከራከር አመሸ። ኢሱዙ የሚነዳው ጓደኛችን፣ ሮቦቱ መርከብ እንደ ዱላ እየጎተተ ወደ ከተማው ሲገባ፣ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ «ጭነቱስ?» አለ። ሮቦቱ ሲወድቅ ከፊት የተቀመጡት ልጆች በኦሮምኛ «ካኢ! ካኢ!» እያሉ ተነስ ይሉት ጀመር። «አይዟችሁ፣ አክተር አይሞትም» ያላቸው ሹፌሩ ነው። ዕድሜያቸውን በከብት ያሳለፉ አንድ አባት ግን ከአውሬው ጎን ቆሙ። ብረት አይርበውም፣ አይወልድም፤ ይሄኛው ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው አሉ። ሲሞት ከልባቸው አዘኑ። ስለዚያ ፊልም ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደሳቸው ያሰበ ግን አላጋጠመኝም።

የእኔን ማይክ ስዘጋ ሰዉን የሚቀዳው ሁለተኛው ማይክ ክፍት ነውና፣ ይህ ሁሉ በቅጂው ውስጥ አለ። አጥፋው ያሉኝ አሉ። አላጠፋሁትም፤ አላጠፋውምም።

ምክንያቱ ጅዳ ነው። አብሮ አደጌ ወደዚያ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ልጅ ሆነን አዳማ ቪዲዮ ቤት አብሮኝ የሚገባ፣ እኔም የገባኝን በጆሮው የምነግረው እሱ ነበር። ትርጉም የጀመርኩት ለእሱ ነው ብል ማጋነን አይደለም፤ አንድ ጆሮ ነበር ተመልካቼ። ፊልሙን ስልክለት ሌሊቱን በድምፅ መልእክት መለሰ። ስለ ሮቦቱ አንድም ነገር አላለም። ሰዎቹን በጩኸታቸው እየለየ ስማቸውን ይጠራል። በያጁን ለየው፣ ሹፌሩን ለየው፣ አባታችንን ሲሰማ «እሳቸው አሉ?» ብሎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ካኢ የሚለው ቀጭን ድምፅ የማነው?» አለኝ። የታናሽ ወንድሙ ነው። እሱ ሲሄድ ልጁ ገና አፉን አልፈታም ነበር።

ለወጣቱ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ሥራ ለመማር ነው የመጣው፤ እኔም የነገርኩት ሥራ ነው፦ ማይክህን የምትዘጋበትን ቦታ ከመቅዳትህ በፊት ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ከዚያ የጻፍከውን ጠብቅ። ሰው ዝምታህን ይሰለቸዋል ብለህ አትፍራ፤ ዝም ስትል ራሱ ይናገራል። አልተስማማም፤ ስልክ ላይ ብቻውን የሚያይ ሰው ማን ይናገርለታል አለኝ። ጥያቄው ከባድ ነው። የእኔ መልስ ግን ያው ነው፤ ብቻውን ለሚያየው ሰው የእኔን ወሬ ሳይሆን የጓደኞቼን ጩኸት እልክለታለሁ።

ቀጣዩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የወጣው «ጎድዚላ ከኮንግ» ነው። እዚያም ሆንግ ኮንግ ላይ የብረቱ ጎድዚላ ይነሳል፤ በያጁ ካሁኑ መገጣጠሚያውን እንደሚመረምር ነግሮኛል። አባታችን ከማን ጋር እንደሚቆሙ ማንም አልጠየቃቸውም፣ ይታወቃል። ከጅዳ የመጣው ትእዛዝ አንድ ነው፦ ሁለተኛውን ማይክ ከፊት ወንበር፣ ከልጆቹ አጠገብ አድርገው። ገመዱ አይደርስም፤ ረዘም ያለ ፍለጋ ነገ አዳማ እወርዳለሁ።